ያልተነካው ማይክሮስኮፕ

ሦስተኛው ቁልፍም በካዝናው ቀዳዳ አይገባም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ዘለላው ይመልሱትና አራተኛውን በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ደወሉ ሊደወል የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሆን አሥራ አምስት ዓመት ይመስል።

«ጋሼ፣ እባክዎን ትንሽ ፈጠን ይበሉ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ደግሞ የያዝሽው ውሃ ነው፤ ቢፈስ አይለቀም።»

መምህርቷ ብልቃጡን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። ውስጡ ያለው ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ታንከር የቀዳችው ውሃ ነው። ኩልል ያለ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ ሰባቱ ሆዳቸውን ታመው ቀርተዋል። ታንከሩ ይታጠብ ብላ ማመልከቻ ብታስገባ፣ ርእሰ መምህሩ ከዚያው ውሃ አንድ ብርጭቆ አስቀድቶ ወደ መስኮቱ አነሣና «ይኸው፣ ምን አለበት?» ብሎ ዓይኗ እያየ ጭልጥ አደረገው።

ዓርብ ዕለት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስጻፈች። የሕይወት ሳይንስ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች፣ በዓይን የማይታዩትንም ጭምር፣ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ሃምሳ አንድ እስክሪብቶ ያለ ምንም ጥያቄ ተከተላት። ከዚያ ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ የማናየውን ነገር ማወቅ ምን ያደርግልናል?» አለችና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ማክሰኞ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» አለች መምህርቷ፤ «ከዚያ የታንከሩን ውሃ ስትጠጡ አያለሁ።» ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አራተኛው ቁልፍ ይገባል። ሽማግሌው ግን ካዝናውን አይከፍቱም፤ መጀመሪያ መዝገቡን ያዞሩላታል።

«ፈርሚ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ንብረት ክፍል ገብቶ ቢያውቅ ሦስት ያደርጋቸው ነበር። ተማሪዎቹ ሽማግሌውን ጋሽ ቆልፍ የሚሏቸው በከንቱ አይደለም፤ ይህን ፊርማ ለማግኘት እንኳ ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች። ማይክሮስኮፕ፣ አንድ። ያለበት ሁኔታ፦ አዲስ። ገጹን ወደ ኋላ ትገልጣለች። አዲስ። አምናም አዲስ፤ ካቻምናም። አሥራ አንድ ዓመት፣ በዚያው ጥንቃቄ የተሞላበት የእጅ ጽሑፍ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ?»

«ማን ነክቶት ያርጅ?»

«ልጆቹ ለምን አልነኩትም? የመጣው ለእነሱ አይደል?»

«ይሰብሩታላ! ልጅ መስታወት ሲያይ እጁን ይበላዋል።»

ሳጥኑን ከካዝናው ጥግ ያወጡታል። ከካዝናው በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ የጣሪያ ፍሳሽ አወይቦታል። ከሳጥኑ ውስጥ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ጨርቅ፤ ሽማግሌው ሕፃን የሚፈቱ ይመስል አንድ በአንድ ይገልጣሉ። ብረቱ ያብለጨልጫል።

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት» ይላሉ።

ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። መምህርቷ መስኮቱ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ታንጠባጥባለች፤ ታጎነብሳለች። ጭጋግ። ማስተካከያውን ታዞራለች። ጭጋግ። ስላይዱን ታወጣለች፤ ጭጋጉ አልወጣም።

ሌንሱን ፈትታ ወደ ብርሃኑ ታነሣዋለች። ከመስታወቱ ዳር የተነሡ ነጫጭ ክሮች ወደ መሃሉ ሄደዋል፤ እያንዳንዱ ክር ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት ተከፍሏል፣ እንደ ዛፍ ሥር። በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። አይጠረግም። ሁለተኛው ሌንስም እንደዚያው ነው። ሦስተኛውም።

«ሻጋታ በልቶታል።»

«ምን?»

«ሻግቷል ጋሼ! ጨለማ፣ እርጥበት፣ የታፈነ አየር። በወር አንዴ እንኳ ሰው ነክቶት፣ ብርሃን አይቶ ቢሆን ደኅና ነበር።»

«መስታወት ይሻግታል እንዴ? ዳቦ መሰለሽ?»

«ይዩት!» ሌንሱን መዳፋቸው ላይ ታኖረዋለች፤ ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጋ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። እሷ የብልቃጡን ክዳን ታጠብቃለች። አሁን ገብታ ምን ልትላቸው ነው? እንደ አምናው በጠመኔ ክብ ሥላ፣ ክቡን ጸጉር አልብሳ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ እመኑኝ»? ከኋላ የሚመጣው ሳቅ ከወዲሁ ይሰማታል። ሲወጡ ደግሞ ተሰልፈው ከታንከሩ ቧንቧ ይጠጣሉ።

ደወሉ ይደወላል።

«ይስጡኝ፤ ልሂድ።»

አይሰጧትም። «ይሄ ነገር... ሕይወት አለው?»

«አለው።»

«ተቆልፎበት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን እየበላ አደገ?»

አራት ዓመት ይህን ምዕራፍ ስታስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም። ጊዜ ሲኖራት አልጠየቁም፤ አሁን ጊዜ የለም።

«አቧራ። የጠቀለለው ሰው የጣት ወዝ» ትላለች እየተበሳጨች። «ከምንም ያነሰ ይበቃዋል። ዓይን አላየውም ማለት የለም ማለት አይደለም።»

ሽማግሌው ሌንሱን ያያሉ። ከዚያ በእጇ ያለውን ብልቃጥ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን፣ ጠዋት ቀድተው ግማሹን የጠጡትን ብርጭቆ። ኩልል ያለ ነው። እጃቸው ወደ ብርጭቆው ይሄድና መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀጥለው ወደ በሩ ይራመዳሉ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ልጆቹ ዘንድ። ይዩት። ከእንግዲህ ምኑን ይሰብሩታል?»

ሌንሱን በሁለት ጣታቸው ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግቢውን ያቋርጣሉ። እሷ ብልቃጧን ታቅፋ ከኋላቸው ትሮጣለች። የንብረት ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቁልፉ ዘለላ መዝገቡ ላይ ቀርቷል።