አየር ላይ ወራጅ የለም

«ቁጭ በል እንጂ! ገና ሃያ ደቂቃችን ነው።»

ባለቤቴ ብድግ ሲል ወንበሩም አብሮት ይነሳል። በገዛ ቀበቶው ከወንበሩ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳሎኑ መሐል ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርገን ተቀምጠናል፤ አውሮፕላን መሳፈራችን ነው። እውነተኛው ነገ ጠዋት ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ልጃችን በቀዶ ጥገና ትወልዳለች።

«ውሃ ልጠጣ ነው።»

«አየር ላይ ወራጅ የለም።»

እየተነጫነጨ ይቀመጣል። ወደ ልጃችን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሰባት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ መሐል ላይ አንድ አዳር። «ስንት ቀረን?» የሚል ተሳፋሪ ያናድደው ስለነበር ቤት ገብቶ ራት እየበላ እንኳ ይነጫነጭ ነበር። «እሱ ምን አለበት፣ ተቀምጧል!»

አውሮፕላኑ የሚፈጅበት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ከዚህ በፊት ልጃችንን ልንጠይቅ የቆረጥነውን ትኬት ሁለቴ አስመልሶብኛል፤ አንዴ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ፣ አንዴ ደመናውን አይቶ። ፈርቶ ነው። ሌላ ሰው በሚነዳው ነገር ላይ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም። አሁንም ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ጥርቅም አድርጎ ረግጧል፤ ፍሬን መያዙ ነው።

«በአንድ ሰዓት ከአሥር እኮ እኔ ገና ድልድዩን አልፌ ዳገቱን መጀመሬ ነው» ይላል ግድግዳውን እያየ። ከዚያ ድምፁ ይለሰልሳል። «ያ ሁሉ ዕድሜዬ የአንድ ሰዓት ከአሥር መንገድ ነው በይኛ።»

ልቀልድበት አስቤ እተወዋለሁ።

«ልጅህ ስትወለድ የት ነበርክ?»

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«መንገድ ላይ» ይላል። «በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ታቅፈሻት በር ላይ ቆመሽ ነበር።»

«ያን ጊዜ መንገዱ አንድ ሰዓት ከአሥር ቢሆን ኖሮ ምጥ ላይ ሳለሁ ትደርስልኝ ነበር።»

ተቀይሞኝ ይሆን? እጁ ወደ ቀበቶው ሲሄድ ሊፈታው ነው፣ ይሄንንም ትኬት ሊያስመልሰኝ ነው እላለሁ። ነገ ብቻዬን ልሄድ ነው፤ ልጄም በሩን እያየች አባቷን ልትጠብቅ ነው።

ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ያጠብቀዋል።

የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። ውጭ አንድ ሰው በር ይዘጋል። ባለቤቴ ዓይኑን ከጨፈነ ቆይቷል፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ እኔም ጀርባዬን ደገፍ አደርጋለሁ።

«ስንት ቀረን?» ይለኛል።

ሰዓቱን ልይለት ቀና ስል እግሩን አየዋለሁ። ቀኙ ምንጣፉን ለቆ ግራው ላይ ተነባብሯል።