የመርከበኞቹ መቃብር

ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው ኢንዶኔዥያ ከጎረቤት አገር ጋር ለዓመታት በተካሰሰችባት ትንሽ ደሴት ታሪክ ላይ ነው። ኢንዶኔዥያ በደሴቷ ላይ ያለውን የጥንት መርከበኞቿን መቃብር ምስክር አድርጋ ረትታለች። ተማሪዋ ያንን መቃብር በዓይኗ ልታይ ጀልባ ተሳፈረች።

«የእርስዎም ዘመዶች እዚያ ነው የተቀበሩት፣ አባባ?» ስትል ጀልበኛውን ጠየቀች።

«አባቴም እናቴም» አሉ ሽማግሌው።

ሰማዩ እየጠቆረ ነው። ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የተቆፈረ አሸዋ የጫኑ ግዙፍ መርከቦች ተከታትለው ወደ ጎረቤት አገር ሲያልፉ ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት እንደሄዱ ሞተሩን አጠፉት። ዙሪያው ውሃ ብቻ ነው።

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ።

«አንቺም አውልቂ፣ ልጄ» አሏት፣ ወደ ታች ወደ ውሃው እያዩ። «መቃብሩ ላይ ነን።»