የተዋጠው ስም

የዘፈን አልበሟ ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ማህሌት የአባቷን ጥምጥም ገፋ አድርጋ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ጫነችላቸው። መሪጌታ ፍሥሐ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ የልጃቸው ዘፈን ደግሞ በኮምፒውተር ምትና በሚያፏጭ ጊታር መንግሥትን ፊት ለፊት የሚሞግት ጩኸት ነበር። ቁጣቸውን እየጠበቀች መቋሚያቸውን አየች።

ጩኸቱም የጊታሩ ፉጨትም መቋሚያውን አላነቃነቀው። ኋላ ግን ድንገት ወለሉን መታ፤ ተማሪ ቃል ሲውጥ እንደሚያደርጉት።

«ድገሚ» አሉ። «የታሰሩትን ልጆች ስም ስትጠሪ ቆይተሽ ወንድምሽ ጋ ስትደርሺ ማሽኑን አስጮህሽበት። ስሙን ለምን ዋጥሽው?»

«ለእርስዎ ፈርቼ ነው፣ አባባ።»

«በዜማ ቃል አይዋጥም» አሉና መቋሚያቸውን ለምት አነሡላት። «በይ፣ ከወንድምሽ ጀምሪ።»