ሐመሩ ሐ

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ በአራሚነት ነው። ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ እኔ ላፕቶፔ ላይ የምጽፈውን ያለገመድ ወደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን አሳልፍለታለሁ፤ እሱ በትልቁ እያየ ያርምልኛል። "አራሚ ፊደል እንጂ ወሬ አያነብም" ይላል ሁልጊዜ።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ያለ እረፍት ሠርቻለሁ። ለአለቃዬ የፈቃድ ማመልከቻ ልጽፍ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። "በጣም ስለደከመኝ" ብዬ ጀመርኩና ቀጣዩ ቃል ጠፋኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጥዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ተሳሳትሽ" አለ አባቴ።

"ምኑ ላይ?"

"ሐዘን የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። በሃሌታው ጻፍሽው እኮ! ስንቴ ልንገርሽ፣ ልጄ?"

"ሐዘን የሚል ቃል አልጻፍኩም፣ አባዬ።"

"ይኸውልሽ" ብሎ ቃል በቃል አነበበልኝ። "በአባቴ ሞት ሀዘን ላይ ስለሆንኩ፣ የሦስት ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ..."

ላፕቶፔን አየሁት። "በጣም ስለደከመኝ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ዞሬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። አባቴ ያነበበው ሁሉ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሳሳታት ሀ እንኳ ሳትቀር።

እጄ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ሀ ከቴሌቪዥኑ ላይ ጠፋች፤ በቦታዋም ሐ ተተካች።

"ጎበዝ" አለ አባቴ። "አሁን ተስተካከለ።"