ጀርባ ያልያዛት ልጅ

ልጆቼ፣ ዛሬ ዛሬ ሕፃን ሁሉ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ዳሌው በሐኪሞች እንዲጠነክር ተደርጎ ነው የሚወለደው። ሲያረጅ አይወልቅም፣ አይሰበርም። ደግ ነገር ነው፤ እኔስ የማነክሰው በዳሌ ስብራት አይደል?

ትናንት የልጄ የትርንጎ ልጅ፣ ኤልዳና፣ አላባራ ብላ አለቀሰች። ጡትም እንቢ፣ እሹሩሩም እንቢ። አንቀልባዬን አወረድኩና ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣኋት። እግሮቿ ግን ወገቤን አላቅፍ አሉ። እንደ መቀስ ግጥም አሉና ተንሸራተተችብኝ።

"እማዬ፣ ተይ! አይከፈቱላትም እኮ!" አለች ትርንጎ፣ ቀልባ እየያዘቻት።

"ምን ነክቷት?"

"ከመቀመጫችን ሥር ጠልቀው ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው ጭናችንን ወደ ውጭ የሚያዞሩት። የሷዎቹ ዳሌዋን አጥብቀው እንዲይዙ ብቻ ነው የተደረጉት።"

"መታዘሉስ ታዲያ?"

"ሐኪሞቹ ስለ መውደቅ ነገሩን፣ ስለ መሮጥ ነገሩን። ስለ ማዘል ማንም አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም።"

ልጅቷን ተቀብዬ ታቀፍኳት። አምስት ልጅ አዝዬ ሳሳድግ የሚያለቅስ ልጅ ፊቱ ከኋላዬ ነበር። አሁን ዐይን ለዐይን እንተያያለን፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አያለሁ።