የተዘጋው ማይክ

«ዘጋኸው?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ኧረ በደንብ አረጋግጥ... ባለፈው ትንሽ ድምፅ አምልጦ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን እኮ!»

ጠያቂው የመዘምራኑ መሪ ነው... መላሹ ደግሞ የእህቴ ባል፣ የቤተክርስቲያኑ ሳውንድ ማን።

የሚዘጋው ማይክ የማን መሰላችሁ?

የልብስ ሰፊዋ የእትዬ!

እትዬ ኳየሩ ሲመሠረት ጀምሮ ያሉ ሴት ናቸው... ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ የመዘምራኑን ልብስ ራሳቸው የሚሰፉ።

ድምፃቸው ግን... ጌታ ይቅር ይበለኝና... ሌላው ወደ ላይ ሲወጣ እሳቸው ወደ ታች፣ ሌላው ሲጨርስ እሳቸው ገና መጀመራቸው!

ታዲያ «ከኳየር ይውጡ» ብሎ ማን አፉን ሞልቶ ይንገራቸው?

ስለዚህ ዘዴ ተገኘ። እሳቸው ማይክ ይዘው ይቆማሉ... ከድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ከሚክሰሩ ላይ ግን ይዘጋል። ማንም አልተቀየመ፣ ማንም ጆሮው አልታመመ።

አሁን ወደ እህቴ ባል ልውሰዳችሁ።

ይህ ሰው ድሮ ራሱ ዘማሪ ነበር። አንድ እሁድ መድረክ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀበት... ከፊት የተቀመጡ ወጣቶች ሳቁበት... በቃ! ከዚያ ወዲህ መዝሙር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከሚክሰሩ ጀርባ ገብቶ ሄድፎኑን አጠለቀ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰው እጁን አንስቶ ሲያለቅስ እሱ የሚሰማው «ቤዙ በዛ፣ ኪቦርዱ አነሰ» ብቻ ሆነ።

ቀስ በቀስ ጸሎቱም ደረቀ...

ያን እሁድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ለእህቴ እንዲህ አላት፦

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። የክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ እመጣለሁ... ከእንግዲህ ቤተክርስቲያን የሚባል አልሄድም። ውስጤ ባዶ ነው፤ ለምን ሰው ላታልል?»

በሩን ዘግቶ ሲወጣ እህቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አምልኮው ተጀመረ።

የእህቴ ባል ዓይን እትዬ ላይ ተተከለ... ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ከመድረኩ ሁሉ ደስ ያላቸው እሳቸው!

«ቆይ... እኚህ ሴትዮ ምን አግኝተው ነው?» አለ በልቡ። «እኔ ሁሉን እየሰማሁ ያጣሁትን፣ እሳቸው አንዱንም ዜማ ሳይመቱ እንዴት አገኙት?»

ነገሩ ከነከነው።

ሚክሰር ላይ አንድ ነገር አለ... ማይኩ ለአዳራሹ ዝግ ቢሆንም ባለሙያው ከፈለገ በሄድፎኑ ለብቻው ሊሰማው ይችላል።

እስከዛሬ ሰምቶት አያውቅም። ላለመስማት የዘጋውን ደግሞ ማን ይሰማል?

ዛሬ ግን የእትዬን ማይክ በሄድፎኑ ከፈተው።

መጀመሪያ ያው... ዜማው ገደል ገብቷል።

ከዚያ ግን መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ እትዬ መዘመር አቁመው እንዲህ ሲሉ ሰማ፦

«ጌታዬ፣ እዚህ ጋ እኔ አልችለውም... አንተው ጨርሰው።»

ሳቁ መጣ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ...

«ባለቤቴን የወሰድክብኝ ጊዜ ላኮርፍህ ሞክሬ ነበር... አልቻልኩም። ምን ላድርግ፣ እወድሃለሁ!»

ሳቁ ወደ እንባ ተቀየረ። ሄድፎኑን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ... ቤዙ ይብዛ ይነስ ትዝም አላለው።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ሲነሳ እትዬን ጥግ ላይ አገኛቸው።

«እትዬ... ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ማይክዎ...»

«ዝግ ነው። አውቃለሁ።»

ክው አለ!

«እንዴ! እንዴት አወቁ?»

«አንድ ቀን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ... በስፒከሩ ድው እንኳ አላለም!» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ አልተቀየሙም?»

«ያን ቀንማ ሆድ ባሰኝ፣ ምን ልዋሽህ? በሚቀጥለው እሁድ ግን ማይኩን ስይዝ... ልጄ፣ እፎይ አልኩ! ዕድሜዬን ሙሉ ‹ሰው ምን ይለኝ› እያልኩ ነበር የምዘምረው። ለካ እሱ ከተዘጋ የሚሰማኝ ጌታ ብቻ ነው! የልቤን አጫወትኩት። ነፃ ያወጣኸኝ አንተ ነህ... ተባረክ!»

«እኔ ግን ዛሬ... በሄድፎን ሰማሁዎት።»

እትዬ አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ።

«ኧረ በፈጠረህ! ‹አንተው ጨርሰው› ያልኩትንም?»

«እሱንም።»

ሀፍረታቸው ሲያልፍላቸው ትክ ብለው አዩት... ዓይኑ ቀልቷል።

«እንግዲያው ጌታ ያዘመረኝ ላንተ ኖሯላ!» አሉት። «ልጄ... ያኔ የሳቁብህ ልጆች እኮ ዛሬ ወልደው ከብደዋል፤ ሳቃቸውንም አያስታውሱትም። አንተ እስካሁን ለማን ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

የክፍሉን ቁልፍ ኪሱ እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለችልኝ።

«ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ዝም በል... ስማ ብቻ!»

ስልኩን ወደ ኪችን አዞረችው... የእህቴ ባል ሳህን እያጠበ ይዘምራል!

እውነቱን ልንገራችሁ? አያምርም። መሀል ላይ ድምፁ እንደገና ተሰነጠቀ... እሱ ግን አላቆመም፤ እየዘመረ ቀጠለ።

እህቴ እያለቀሰች ነበር። እኔም ስልኩን መዝጋት አቃተኝ።

ወዳጆቼ... አንዳንዴ እምነታችን የሚደርቀው እግዚአብሔር ስለራቀን አይደለም። ለሰው ጆሮ ስንዘምር ስለኖርን ነው። ዝማሬ ፈተና አይደለም፣ ማርክ የሚሰጥበት! የልብን ማጫወቻ ነው። የሰው ሳቅ የዘጋባችሁ አፍ ካለ... ዛሬ ክፈቱት።

እስቲ እናንተ... ከእግዚአብሔር በቀር አንድም ሰው እንደማይሰማችሁ ብታውቁ አሁን የትኛውን መዝሙር ትዘምሩለት ነበር?

ከታች ጻፉልኝ... ድምፃችሁን አንሰማም፣ አትፍሩ!