የወንዝ ዳር ዋልዝ

ቶሪቢዮ ሲሞት ኤሊዮዶሮ የሚጠላው ሰው አጣ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወንዝ ዳሯ ከተማ በሞምፖስ የሚታወቀው በዚህ ጠብ ነበር። በየሠርጉና በየቀብሩ የሚነፋውን «የወንዝ ዳር ዋልዝ» የተባለውን ዜማ የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። ከተማው ደግሞ የባንዱ አለቃ ቶሪቢዮ ነው ይላል። ቶሪቢዮ ራሱ አዎ ብሎ አያውቅም፤ አይደለምም አላለም። ኤሊዮዶሮ ዜማውን በፍርድ ቤት ሊያስመልስ ካርታኼና ከተማ ድረስ ሄዶ ሕግ ተምሯል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ባዶ ቤት፣ አንድ ተወዛዋዥ ወንበርና ክላሪኔቱ ነው። መርከቦቹ በሌላኛው የወንዙ ቅርንጫፍ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በደጁ የሚያልፍ ሰው እንኳ ጥቂት ነው።

ዜማው የመጣለት በወጣትነቱ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ሲያሸልብ ነው። ብቻውን በወንዙ ዳር፣ በቤቶቹ ፍርግርግ መስኮቶች ሥር እየሄደ ሳለ፣ ሳያንኳኳ እንደሚገባ ዘመድ ከሙቀቱ መሃል ድንገት መጣ። እዚያው ቆሞ በፉጨት ደገመው። ያን ቀን ማታ ለጓደኛው ለቶሪቢዮ በክላሪኔት አሰማው። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ በአደባባይ ነፋው። በዚያው ዓመት ቶሪቢዮ ቤቷ በዚያው ወንዝ ዳር የሆነውን ኤርሲሊያን አገባ፤ ለድግሱ ትጫወትበት የነበረው የአባቷ ፒያኖ ተሸጠ።

አሁን ሕማማት ደረሰ። በሕማማት ረቡዕ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ባንዱ መካነ መቃብር ገብቶ ለእያንዳንዱ ሟች ይወደው የነበረውን ዜማ ይነፋለታል። መጀመሪያ አለቃው የሠሪውን ስም ይጠራል፤ ሠሪው በሕይወት ካለ የዜማውን መነሻ የሚያሰማው እሱ ነው። ለቶሪቢዮ የሚነፋው ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ዘንድሮ የራሱ ስም ካልተጠራ መቼም እንደማይጠራ ኤሊዮዶሮም ያውቃል።

ኤርሲሊያ ዘንድ ሄደ።

«ግባ» አለችው። «ከቀብሩ ወዲህ የመጣ የለም። ጠላት እንኳ ይናፍቃል ለካ።»

«አንቺን ጠልቼሽ አላውቅም።»

«ባሌን ነዋ!»

«ለኔሜሲዮ እውነቱን ንገሪው። አሁን የባንዱ አለቃ እሱ ነው። ከእንግዲህ ማንን ትፈሪያለሽ?»

«እውነቱን?» አለች። ዋልዙን በለሆሳስ አንጎራጎረች።

«አይደለም» ሲል አቋረጣት። «እዚያ ጋ ዜማው ይወርዳል እንጂ አይወጣም።»

«ሲወርድማ ያለቅሳል። አያምርም።»

«የገዛ ዜማዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሠርጓ በፊት ነበር ያያት። «እሺ፣ እነግረዋለሁ። አንተ ብቻ ያን ኮትህን አስተኩሰው።»

ረቡዕ ሲመሻሽ ነጫጮቹ መቃብሮች ላይ ሻማ በራ። ኤሊዮዶሮ ክላሪኔቱን በብብቱ ይዞ ብቻውን ቆመ።

«ዶን ኤሊዮዶሮ!» አለ ኔሜሲዮ በሩቁ። «ዘንድሮስ ጠበቃ ይዘው መጡ?»

«ጠበቃው እኔው ነኝ።»

«ለዚህ ነዋ የሚሸነፉት!»

ሰው ሳቀ። ባንዱ ከመቃብር ወደ መቃብር እየነፋ ቶሪቢዮ ጋ ሲደርስ ግን ኔሜሲዮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የወንዝ ዳር ዋልዝ። የሠራው ቶሪቢዮ አይደለም። ሊሞት ሲል ለእኔ ነግሮኛል፤ ባለቤቱም ትናንት ይህንኑ ነግራኛለች። የሠራው ሰው በሕይወት አለ። እዚሁ ቆሟል።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኤሊዮዶሮ ዞረ። አንዲት አሮጊት ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሠላሳ ዓመት ያጠናውን ንግግር ተወው። ክላሪኔቱን ከከንፈሩ አገናኝቶ፣ ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን መነሻ ነፋ።

ኔሜሲዮ እጁን አንሥቶ አስቆመውና መነሻውን እንድታሰማ ለኤርሲሊያ ምልክት ሰጣት።

እሷም ከመቃብሩ ራስጌ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከተማው ሰምቶት የማያውቀውን፣ ኤሊዮዶሮም ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ማዜም ጀመረች፤ ሄዶ ሄዶም እሱ ከጀመረበት ላይ ገጠመ።